የረህማ ሁለት ጆሮዎች

የሰው ልብስ ካልተረጎመ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም፤ መስታወት ፊት መቆም ይበቃኛል። አንዲት ሴት ጥቁር ከለበሰች ማን እንደሞተባት፣ ቀይ ከለበሰች ማንን ልታስቀና እንደወጣች ሳልጠየቅ እናገራለሁ። ባለቤቴ “አንቺ የሰው ቀሚስ እንደ ጋዜጣ ነው የምታነቢው” ይለኛል። አልዋሸም። ይህ አመሌ ግን አንድ ጊዜ ሰው ጎድቷል። እሱን ላጫውታችሁ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። እኔ ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ቤቴ ደግሞ ቦሌ ሚካኤል። ጽሕፈቷ ያምራል ተብሎ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ያዥም እኔው ሆንኩ። ያምራል ያለውን ሰው እስካሁን እየፈለግኩት ነው።

በግድግዳ የምንዋሰነው ጎረቤቴ ረህማ ትባላለች። የወሎ ልጅ፣ ባሏ ከሞተ ስምንት ዓመት የሆናት፣ በአንዲት አሮጌ የስፌት መኪና ሰፈሩን በሙሉ የምታለብስ ሴት ናት። ቀሚሷ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ነው፤ ሻርፗ ከግንባሯ ጀምሮ ትከሻዋን አልፎ ይወርዳል። እኔ ስገባ ታወልቀዋለች፣ እንስቃለን፣ እናማለን። በር ላይ የወንድ ኮቴ ሲሰማ ግን ወሬው ሳይቋረጥ ሻርፑ ቦታው ላይ ተገኝቷል።

ልጇ ነፊሳ ደሴ ነው ያገባችው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል። እናቷ ቤት መጥታ መውለድ ነበረባት፤ ሐኪሙ መንገድ ከለከላት። ስለዚህ እናት ልትሄድ ሆነ። አያችሁ፣ ነገሩ ይኸው ነው፤ አንዲት እናት ምጥ ሳይመጣ ደሴ መድረስ አለባት።

ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ለይለፍ ወረቀቱ አዲሱ የቀበሌ መታወቂያ። ለመታወቂያው ጉርድ ፎቶግራፍ። ለፎቶግራፉ ደግሞ የተገለጠ ፀጉርና ሁለት ጆሮ። ጆሮ ምን ያደርግላቸዋል? ማን ደፍሮ ይጠይቃል! ረህማ ሻርፗን እንዳደረገች ፎቶ ተነሥታ አመጣች። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ለጥፎ ማኅተም ቢመታበት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

በእኛ ቀበሌ ግን አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ሁሉ ለውይይት ይቀርባል። እሁድ ጠዋት አዳራሽ ተጠራን። አጀንዳው “የሙስሊም ሴቶች አለባበስና ትርጉሙ” ይላል። የረህማ ጆሮ ነው እንግዲህ በአንድ ሳምንት እንዲህ ያደገው።

መድረኩን የያዘው ካድሬው ጓድ መስፍን ነው። ከሦስት ወር ሥልጠና በቅርቡ የተመለሰ፣ የሚያውቀው ነገር ሳይበርድበት ለሰው ማካፈል የሚወድ ልጅ። ካኪውን እስከ ጉሮሮው ቆልፎታል። ያን ካኪ የሰፋችለት ረህማ ናት። ሻርፑ የፊውዳል ሥርዓት ርዝራዥ መሆኑን፣ ሴቲቱን የሸፈናት ባሏ መሆኑን፣ ባልየው ይህን ያደረገው እንደ ንብረቱ ስለሚቆጥራት መሆኑን አብራራ። ከኋላ አንዷ ባልየው ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል አለች። ጓድ መስፍን ትንሽ አሰበና፣ ተጽእኖው ከመቃብርም በኋላ እንደሚቀጥል ገለጸልን። ጻፍኩ።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ተነሡና የለም፣ ነገሩ የአየር ጠባይ ነው አሉ። ዓረብ አገር አሸዋ ይነፍሳል፤ ሴቶቹ ዓይናቸውን ለማዳን ተሸፈኑ፤ ከዚያ ልማድ ሆነ። ቦሌ ላይ የምን አሸዋ ነው ያላቸው የለም። የሴቶች ማኅበር ተወካይዋ ደግሞ ሽበት መደበቂያ ነው ስትል ቃሏን ሰጠች። እሷን ጨምሮ ግማሾቻችን ከቅዳሴ በቀጥታ የመጣን ነን፤ ነጠላችንን እስከ ግንባራችን ተከናንበን ነው የምናጨበጭበው። የእኛን ነጠላ ትርጉም የጠየቀ ግን አልነበረም፤ እኔም ራሴ ትዝ ያለኝ ቤቴ ገብቼ ሳወልቀው ነው።

እዚህ ላይ ጉዴን ልናገር። ልረዳት ፈልጌ ተነሣሁ። እጄን አውጥቼ “ጓዶች፣ ረህማ ሳይነስ አለባት፤ ብርድ ሲነካት ያማታል፤ ሌላ ትርጉም የለውም” አልኩ። አዳራሹ እፎይ አለ። በሽታ ማን ይጠላል? ጓድ መስፍን ሳይቀር አዘነላት። አዝኖም የሐኪም ማስረጃ እንድታመጣ ወሰነ።

በመጨረሻ፣ መቼም እዚያው ተቀምጣለችና፣ ራሷ እንድትናገር ዕድል ተሰጣት። ረህማ ተነሣች። “አላህ አዞኛል። እኔም ደስ ብሎኝ ነው የማደርገው። ሳይነስም የለብኝም” አለችና ተቀመጠች። ጓድ መስፍን ወደ እኔ ዞሮ አስጻፈኝ፦ “ግለሰቧ ስለ አለባበሷ በቂ ማብራሪያ መስጠት አልቻሉም።” የአሸዋው ብቻ አንድ ገጽ ተኩል ይዟል።

ከአዳራሽ ስንወጣ ተቆጣችኝ። “ለምን በሽተኛ ታደርጊኛለሽ? አሞኝ ቢሆን እኮ ሲሻለኝ አወልቀው ነበር” አለች። እኔ ደግሞ አኮረፍኩ። ልርዳት ብዬ ተሰደብኩ እያልኩ ለሰፈሩ አወራሁ። አያችሁ ክፋቴን?

የነፊሳ ቀን እየቀረበ፣ የረህማ ቀን እያለቀ ሄደ። በመጨረሻ ተሸነፈች። ኦሎምፒያ አንድ ፎቶ ቤት ወሰድኳት። ፎቶ አንሺው እንዲወጣ ለምነን ሚስቱ አነሣቻት። ፊልሙን የሚያጥበው ባልየው መሆኑን ሦስታችንም እናውቃለን፤ ግን ማንም አላነሣውም። ሻርፑን እኔ ይዤላት ቆምኩ። ሁለት ሹሩባዋን፣ ሁለት ጆሮዋን አውጥታ ግድግዳውን እያየች ተቀመጠች። ያን ጊዜ አፈርኩ። ቤቷ ውስጥ ስንት ቀን ያየሁት ፀጉር እኮ ነው፤ እዚያ ግን ማየት አቃተኝ።

ቀበሌ ስናስገባው ፎቶው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። አንዱ “ፀጉሯ እንዲህ ነው ለካ!” አለ። ረህማ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። መታወቂያው ተሠራ፣ የይለፍ ወረቀቱ ተጻፈ፣ አውቶቡስ ተሳፈረች። በሰላም ግቢ ብዬ ሸኘኋት።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጓዟን በጀርባዋ አዝላ ተመለሰች። ከተማው መውጫ ኬላ ላይ አንድ ወታደር መታወቂያውን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና መታወቂያውን አየ። ይህ የማን ነው አላት። የኔ ነው ብትለው፣ እንግዲያው አውልቂና ላስተያየው አለ። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ነው። እምቢ ብላ ወረደች። እኔ ምን ብላት ጥሩ ነው? “ምናለ ለአንድ አፍታ ብታወልቂው!” አልኳት። በሯን ዘጋችብኝ።

ጉዳዩ እንደገና አዳራሽ ገባ። የሰፈሩ ውሻ ሳይቀር በዚያ ሻርፕ የሚያውቃትን ሴት፣ ማንም በማያውቀው መልክ አንስተን መታወቂያ ብለን ሰጥተናታል። ጓድ መስፍን ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየና መፍትሔ አገኘ። ፎቶው ትክክል ነው፤ መመሪያውን ያሟላል። ስለዚህ ግለሰቧ ፎቶውን ለመምሰል ጥረት ያድርጉ። አጨበጨብን። ይህንንም ጻፍኩ።

በማግስቱ ጓድ መስፍን ለሌላ ሥልጠና ሄደ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ግራ ቀኙን አየና፣ ያን መጀመሪያ ያመጣችውን ፎቶ ከመሳቢያው አውጥቶ ለጠፈ፣ ማኅተሙን አሳረፈበት። ኬላው ላይ ያው ወታደር ነበር። አንዴ አያትና “ይለፉ እናቴ” አላት።

ደሴ ስትደርስ ልጁ የስድስት ቀን ሕፃን ነበር።

ከወር በኋላ ተመለሰች። ልጠይቃት ገባሁ፤ አፌ ከለመደው አላልፍ ብሎ “እንኳን ማርያም ማረቻት!” አልኳት። አሜን አለች፤ አላረመችኝም። ሻርፗን አውልቃ አጠገቧ አስቀመጠች። ልቧ እንደከበደ አየሁና አላስችል አለኝ። ዋናው በሰላም መገላገሏ ነው፣ ደግሞ ጎረቤት ነበራት፣ ደግሞ ለሁሉም ጊዜ አለው፣ ደግሞ እኮ አንቺ አጠገቧ ብትኖሪ ትጨነቂ ነበር እያልኩ አብራራሁላት።

ሰማችኝ፣ ሰማችኝና፣ “ሌሊቱን ሙሉ ምጥ ላይ ሆና ‘እማዬን ጥሩልኝ’ ስትል ነበር አሉኝ” አለች። “እስቲ ይህንንም ተርጉሚልኝ።”

ረህማ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ተነሥታ ሻይ ቀዳችልኝ።