የመሪጌታ ሀብተሥላሴ ዘመቻ በሰባ ሁለት ገጽ ዘንዶ ላይ

በዘመነ ሉቃስ፣ የመሪጌታ ሀብተሥላሴ መነጽር እግሩ ተሰብሮ በክር በታሰረ በአራተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥር፣ እኔ ዋኘው፣ የአራዳው ልብስ ሰፊ፣ ያንን ክር ያበረከትሁ፣ ማንም ሳይሾመኝ ጸሐፌ ትእዛዝ የሆንሁ፣ ያየሁትን ጻፍሁ።

እኒህ ሊቅ፣ ባሕረ መጻሕፍት፣ ነቃፌ ኵሉ፣ ለሰው ቅኔ “ይበል” ብለው የማያውቁ ናቸው። በሠርጋቸው ቀን እንኳ ሙሽራይቱን አይተው “ይሁን” ነው ያሉት፤ ይህን ወይዘሮ የትነበርሽ ዛሬም አልረሱትም።

የወንድማቸው ልጅ ናዝራዊት፣ በመድኃኒት ቤት የምትሠራው፣ አንዲት የመካነ ብርሃን ገብስ ነጋዴ ከሚናገር ዘንዶ ጋር የምትወዳጅበትን አጭር ልቦለድ ጽፋ አሳተመች። እንዲህም ስትል አወጀች፦ “መሪጌታ ሸጋ ነው ካላሉ፣ የጀመርሁትን ሁለተኛ መጽሐፍ ለምድጃ እሰጣለሁ፤ ከእንግዲህም ብዕር አልይዝም!” ምነው ይህን አፏን በዘጋችው! ከድንጋይ ወተት መጠበቅ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊቁ ወደ ሱቄ በረንዳ ዘመቱ። በቀኛቸው ትራስ፣ በግራቸው ጭራ፣ በኋላቸው ወይዘሮ የትነበርሽ ከነቆሏቸው፣ ከነርሱም ኋላ ልብሳቸው ያልደረሰላቸው ሦስት ደንበኞቼ እያጉረመረሙ ተሰለፉ። መነጽራቸው ገና በኪሳቸው ሳለ፣ በአርባ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ልማድ፣ መሪጌታ ናዝራዊት ያቀበለቻቸውን መጽሐፍ ተሳለሙት። መነጽሩን ሲያደርጉ ከንፈራቸው ያረፈው በሽፋኑ ዘንዶ አፍንጫ ላይ መሆኑን አዩ። ወየው! ሦስት ጊዜ አማተቡ፣ አፋቸውን በጋቢ ጠረጉ፣ ከዘንዶውም ጋር ደም ተቃቡ።

ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ተዋጉ። ቆሎ ቀረበ፤ አልቆረጠሙም። የምሳ አዋጅ ተነገረ፤ አልሰሙም። ናዝራዊት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ስትበላ፣ እኔ የአንዱን ሱሪ አንድ እግር ሁለት ጊዜ ሰፋሁ።

በመጨረሻም ሊቁ ተነሥተው አወጁ፦ “ያልሰማህ ስማ! ከሔዋን ወዲህ እባብ ሲናገር አልተሰማም። ቢናገርም አማርኛው እንዲህ አይጣፍጥም! ገብስ ነጋዴዋ ዘንዶ አይታ አለመሸሿ ነውር ነው። ጊዮርጊስ በፈረሱ እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ደግሞስ ሰባ ሁለት ገጽ መጽሐፍ ነውን? ለመቅድም እንኳ አይበቃ!”

ሸጋ የምትለው ቃል አልወጣችም። ናዝራዊት ተነሥታ መጽሐፉን ልትቀበል እጇን ዘረጋች። እውነቱን ልጻፍ፣ ያን ክር የሰጠሁበትን ቀን ረገምሁ።

መሪጌታ ግን መጽሐፉን ዘጉ። መነጽራቸው በዓይናቸው፣ ፀሐይም በአናታቸው ላይ ሳለች፣ ዘንዶውን አተኩረው እያዩ አፍንጫውን ተሳለሙት። አፋቸውንም አልጠረጉም። መጽሐፉን ከጋቢያቸው ሥር ሸጎጡና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ወይዘሮ የትነበርሽ በሠርጋቸው ያላገኙትን መሳም ዘንዶው ሲያገኘው አይተው፣ በቅናትም በደስታም እልል አሉ፤ ናዝራዊትም ሁለተኛውን ልትጨርስ እያለቀሰች ሮጠች።

ክብር ለመሪጌታ ሀብተሥላሴ፣ ሰባ ሁለት ገጽ ዘልቀው አንዲት የምስጋና ቃል ሳያባክኑ ለወጡ! ዕድሜያቸውን ያርዝመው፣ ክራቸውንም ያጽናው፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ወፍራም ነው አሉ።