ከሚስቱ አፍ ቀድሞ የሚመልስ ሰው

በየቤተሰቡ አንድ አስረጂ አለ። ቤት የሌለው ቤተሰብ አይቻለሁ፤ ልጅ የሌለው ቤተሰብ አይቻለሁ፤ አስረጂ የሌለው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። አምፖል ሲቃጠል ለምን እንደተቃጠለ፣ ዝናብ ሲዘገይ ለምን እንደዘገየ፣ ሰው ሲሞት ደግሞ ምን ቢደረግ ኖሮ ሳይሞት ይቀር እንደነበር የሚያስረዳ ሰው ማለቴ ነው። ሳይጠየቅ ይመጣል፤ ከተጠየቀማ ማን ይመልሰዋል።

የእኛ ቤት አስረጂ የታላቅ እህቴ ባል ነው። በሌለበት ሊቀ ማብራሪያ እንለዋለን፤ ፊት ለፊት ጋሼ ነው። ሥራው መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከለማጁ ጎን ተቀምጦ፣ ለአስተማሪ በተሠራው ሁለተኛ ፍሬን ላይ እግሩን አሳርፎ፣ ሌላ ሰው ገና ሊሳሳት ያሰበውን ስሕተት ሲያስቆም ኖሯል። እንዲህ ያለ ሥራ ሰው ያበላሻል። ወሬህን ጀምረህ መሀሉ ሳትደርስ «ቆይ፣ ላስረዳህ» ይልሃል፤ የምትናገረው ስለ ገዛ ጥርስህ ሕመም ቢሆንም።

እህቴ ደግሞ የቃል ሰው ነበረች። በደጉ ዘመን፣ ስልክ በሰው እጅ ሲገናኝ፣ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆና ሠርታለች። የከተማውን ቁጥር በቃሏ ትይዘው ነበር። ደዋዩ «ያን ጫማ ነጋዴ አገናኚኝ» ሲላት «የትኛውን፣ ቀጭኑን ወይስ ባለ መነጽሩን?» ትለው ነበር። ጉዳይ ሳይኖራቸው ድምፅዋን ለመስማት ብቻ የሚደውሉ ነበሩ ይባላል፤ ከነሱ አንዱ ጋሼ ነው። ደውሎ ምን አላት ብትሉ፣ የስልክ መስመር እንዴት እንደሚሠራ አስረዳት። ስልክ ቤት ለምትሠራ ሴት! እሷም ሰምታ ሰምታ አገባችው።

አምና ራሷን ታመመች። ክፉ የአንጎል ዕጢ ነው ተባለ፤ በግራ በኩል፣ ቃል በሚቀመጥበት ሥፍራ። ሐኪሞቹ ቀደው የቻሉትን ያህል አወጡ፤ የቀረውን በጨረርና በመድኃኒት አሳደዱት። ዕጢው ግን ቁልፍ አስረክቦ እንደሚመለስ ክፉ ተከራይ ተመልሶ ገባ። ከዚያ ወዲያ የቀረን አንድ ተስፋ ብቻ ነበር፤ ሆስፒታሉ የጀመረው አዲስ የሙከራ ሕክምና።

በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። እኛ በተማርንበት የሳይንስ መጽሐፍ ሴል ማለት በሳንቲም ጠርዝ የምትሣል ክብ ነበረች፤ መሀሏ ላይ አንድ ነጥብ፣ አለቀ። ላይዋ ላይ ምን እንደበቀለ የነገረን መምህር አልነበረም። ለካ ሴል ራቁቷን አይደለችም፤ ፕሮቲን ትለብሳለች። የዕጢው ሴሎች ደግሞ ጤነኞቹ ጎረቤቶቻቸው እምብዛም የማይለብሱትን ፕሮቲን ለብሰው ይገኛሉ። ሐኪሞቹ ከታማሚዋ ደም ውስጥ ተዋጊዎቹን ሴሎች ይወስዱና ያን ልብስ እንዲለዩ ያሠለጥኗቸዋል፤ ከዚያ ወደ ጭንቅላቷ መልሰው ይሰዷቸዋል። ለዚህ ግን በመጀመሪያ ከዕጢዋ በተወሰደው ናሙና ላይ ፕሮቲኑ መገኘት አለበት። ካልተገኘ ተዋጊው ማንን ይምታ?

እዚህ ላይ ሊቀ ማብራሪያ ጣልቃ ገቡ። ክቡርነታቸው ቤተሰቡን ሳሎን ሰብስበው ስለ ምርመራው መግለጫ ሰጡ። በእኛ ዕድሜ ምርመራ ማለት «ምንም አልተገኘም» ሲባል እፎይ የሚባልበት ነገር ነው፤ ስለዚህ ፕሮቲኑ እንዳይገኝ ጸልዩ አሉን። ጸለይን። እናቴ እህል አልቀምስም አለች። አክስቴ ጉልበቷ እስኪላጥ ተንበረከከች። ውጤቱ በስልክ ሲነገረን ታዲያ ፕሮቲኑ ተገኝቷል፤ ያውም በብዛት። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። እህቴ ከመኝታ ቤት ወጥታ በር ላይ ቆማ ስታየን፣ ማንም ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። እኔ መልሼ ሐኪሟ ዘንድ ደውዬ «ደስ ይበላችሁ እንጂ፣ የፈለግነውኮ ይህንኑ ነው» እስክትለኝ ድረስ በቁሟ አልቅሰንላታል።

ሊቀ ማብራሪያ ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ እሳቸውም መጀመሪያውኑ ያሉት እንደዚያው እንደነበረ ያስረዱ ጀመር።

«ታዲያ እኛ በማን ላይ ነው ስንጸልይ የሰነበትነው?» አለች አክስቴ።

«ደግነቱ እግዜር ያንተን ማብራሪያ አይሰማም» አለችው እናቴ፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ይህንንስ ስቄ አለፍኩት። ያልቻልኩት ሌላ ነው። እህቴ ከታመመች ወዲህ ይህ ሰው ቃል ከአፏ መንጠቅ ጀመረ። ነርሷ ሻይ ወይስ ውሃ ትላታለች፤ «ሻይ፣ ስኳር ሳይገባበት» ይላል እሱ። ጎረቤት እንዴት አደርሽ ይላታል፤ እንዴት እንዳደረች እሱ ይተርካል። የገዛ ልጇ ስልክ ደውሎ «እማዬ» ሲላት እንኳ ከጎኗ ሆኖ «ደህና ናት፣ በልታለች፣ አሁን መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች» ይላል። ያቺ ከተማውን በቃሏ የያዘች ሴት እንደ እንግዳ ዝም ብላ ፈገግ ትላለች። አንድ ቀን ሆስፒታል ተራ ስንጠብቅ ወደ ጎን ወስጄው፣ እባክህ ጋሼ፣ እስቲ ተዋት በአፏ ትናገርበት አልኩት። ጉሮሮዋ ደርቆ ነው አለኝ። እኔም አላመንኩትም፤ እሱም ሌላ አልጨመረም። ሳይጨምር ሲቀር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነበር፤ ልብ ግን አላልኩም።

የመጨረሻው ደጅ ፈቃድ ነበር። ሕክምናው ገና ሙከራ ነው፤ ትኩሳት አለው፣ የአንጎል እብጠት አለው፣ ከዚያም የከፋ አለው። ስለዚህ ታማሚዋ ምን እንደሚደረግላት ገብቷት፣ በራሷ አንደበት ተናግራ መስማማት አለባት። ባል አይወክላትም፣ ወንድም አይወክላትም። መናገር ካቃታት ለሌላ ሰው ቦታው ይለቀቃል።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ትሑት፣ ግን እንደ ፈተና ክፍል መምህር ቆፍጣና። ሁሉንም ዘርዝራ ነገረቻት። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞራ «አባባ፣ አሁን እርስዎ አንድ ቃል እንዳይናገሩ። ምልክትም እንዳይሰጧት» አለችው። እጁን ጭኑ ላይ አደረገ።

«እሺ እናቴ» አለቻት እህቴን፤ «ምን ልናደርግ ነው? በራስዎ ቃል ይንገሩኝ።»

«ደሜን… ትወስዳላችሁ» አለች እህቴ።

«ጥሩ። ከዚያስ?»

«ታስተምሩታላችሁ።»

«ምን እናስተምረዋለን?»

እህቴ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። «እንትን…» አለች። «እንትኑን…» ዓይኗ ግድግዳውን ዞረ፣ ጣሪያውን ዞረ፣ ቃሉ የተደበቀበት ጥግ ያለ ይመስል። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ አለ። ያኔ ነው የገባኝ። ሻይ የሚለውን ቃል አጥታው ነበር። እንዴት አደርሽ ሲሏት መልሱን አጥታው ነበር። የልጇን ስም አጥታው ነበር። እሱ ቃል ሲነጥቃት አልከረመም፤ ባዶ አፏን ሰው እንዳያይባት ቀድሞ እየደረሰ ሲሸፍንላት ነው የከረመው። እኛ ደግሞ «እንድትናገር አይተዋትም» ብለን ስናማው!

ወደ እሷ ማየት አቅቶኝ ወደ ታች አየሁ። የጋሼ ቀኝ እግር የሆስፒታሉን ወለል እየረገጠ ነበር፤ ባለ በሌለ ኃይሉ። የሚቆም ነገር ግን አልነበረም። መኪናውን የያዘችው እሷ ናት።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ያስቀመጠችው ልትጠብቅ ይሁን ልትተወው አላወቅሁም።

እህቴ ድንገት የግራ እጇን አነሳችና በቀኝ ጣቶቿ የእጇን ጀርባ ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ያዘች። «ይሄን» አለች። «ላይ ላይ ያለውን። ክፉው ላዩ ላይ… የለበሰውን። ደሜ እሱን ዓይቶ እንዲመታ።»

«ሁሉም ክፉ ለብሶታል?»

እህቴ ወደ ሐኪሟ ሳይሆን ወደ ባሏ ዞረች። «ሁሉም አልለበሰም» አለችው፤ ቀስ ብላ። «ያልለበሰው ይቀራል።»

«ሊቀር ይችላል፣ እናቴ» አለች ሐኪሟ።

ጋሼ ለዚያ ሁሉ ሰው፣ ለጎረቤት፣ ለዘበኛ፣ ለታክሲ ሾፌር ስለዚህ ሕክምና ሲያስረዳ ሰምቼዋለሁ። ያልለበሱም እንዳሉ አንድም ቀን ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ያወቀው ግን ዛሬ እንዳልነበረ ከፊቱ አነበብኩ። እሷም አነበበች። እጁን ከጭኑ ላይ አንስታ ያዘችው።

«ገብቶኛል» አለች። «ትኩሳቱም ገብቶኛል፣ እብጠቱም። እሺ ብያለሁ። እኔ ነኝ ያልኩት።»

ሐኪሟ እስክሪብቶውን አንስታ አቀበለቻት።

ከክፍሉ ስንወጣ ሊቀ ማብራሪያ ዝም አሉ። ኮሪደሩን ዝም ብለን ጨረስነው፤ አሳንሰሩ ፊት ዝም ብለን ቆምን። ለዘመናት የተመኘሁት ዝምታ ይኸው መጣ፤ ደረቴ ላይ ድንጋይ ሆኖ ተቀመጠ። መጀመሪያ ያልቻለችው እህቴ ናት። እጅጌውን ጎተት አደረገችና በአገጭዋ የተዘጋውን በር አሳየችው።

«ይሄ… እንትን… ለምንድነው የሚቆየው?»

ዓይኗን ዓይኗን አያት። ጉሮሮውን ጠረገ። ከገመዱ ጀመረ፤ በገመዱ በሌላ ጫፍ ስለሚንጠለጠለው ክብደት ቀጠለ፤ ክብደቱ ጠዋት ጠዋት በብርድ ስለሚቀልል አሳንሰር ጠዋት እንደሚዘገይ አብራራ። እኔ እስከማውቀው አንዱም እውነት አልነበረም። አሳንሰሩ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ትንሽ ጠበቀን፣ ተዘግቶ ባዶውን ወረደ። ጋሼ ገና ሞተሩ ዘንድ አልደረሰም። እህቴ ትከሻው ላይ ተደግፋ ትሰማለች።

«ከዚያስ፣ ጋሼ?» አልኩት።