ፎቶ የገባ አይታረድም

ትናንት ሌሊት ደምሰው በሕልሙ ራሱን ጓሮው ውስጥ ችካል ላይ ታስሮ አገኘው። አንገቱ ላይ ያለው ገመድ እንግዳ አልሆነበትም፤ ራሱ ከገበያ የገዛው ሰማያዊ ሲባጎ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። ደምሰው ግን ቢላ አንገቱ ላይ ቢያርፍ እንኳ "የት ነው ያሳላችሁት?" ብሎ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው ነውና፣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቋጠሮውን በጣቱ መመርመር ነው። "ያሰረው ጎበዝ ነው" አለ ለራሱ፤ "እኔ እንኳ እንዲህ አላስርም።"

ቀና ሲል በረንዳው ላይ ሻለቃን አየው። ሻለቃ ማለት ደምሰው ለእንቁጣጣሽ ብሎ ከሦስት ሳምንት በፊት እየጎተተ ያመጣው ሙክት በግ ነው። ደረቱን ነፍቶ ስለሚራመድ ይህን ስም ያወጡለት የደምሰው ሁለት ልጆች፣ ፌቨንና ትንሿ ኤዶም ናቸው። በሕልሙ ሻለቃ የደምሰውን ቡናማ ኮት ለብሶ፣ በደምሰው ወንበር ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ኮቱ ልኩ ነበር። ይህ ደምሰውን ትንሽ ከነከነው፤ እሱን ራሱን ኮቱ ብብቱ ስር ይጠበው ነበርና።

ከሻለቃ ጎን ሁለት ግልገሎች ይላፋሉ። "አባዬ" ብለው ሲጠሩት ሰማ። ሙክት እንዴት ሊወልድ ቻለ ብሎ ሊጠይቅ ፈለገና በሰው ቤት ጉዳይ መግባት ነውር ነው ብሎ ተወው። ውሻው ቦቢ መነጽር አድርጎ ጋዜጣ ያነባል። ሚስቱ ትርንጎ በሩ ሥር ተጋድማ ኮቴ በሰማች ቁጥር ትጮኻለች። ፌቨንና ኤዶም አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ፀሐይ ይሞቃሉ። ምንም ያልተገለበጠችው ድመቷ ውሮ ብቻ ነበረች፤ ትራስ ላይ ተኝታለች። እሷ ድሮም የቤቱ ባለቤት ነበረች።

"በሉ ተሰብሰቡ" አለ ሻለቃ። "ዓመቱ አለቀ። የቤተሰብ ፎቶ እንነሳለን። ራሳችንን በራሳችን፣ ሣሩ ላይ፣ ከነቤት እንስሳቱ።"

ትርንጎን ከበር ጠሯት፣ ልጆቹን ከአጥር አወረዷቸው። ትልቁ ግልገል መጥቶ የደምሰውን ገመድ መፍታት ጀመረ።

"እሱን ተወው" አለ ሻለቃ። "እሱ ለበዓል የተገዛ ነው። ፎቶ የገባ አይታረድም።"

ቃሉን ደምሰው ወዲያው ለየው፤ የራሱ ነበር። በየዓመቱ ጳጉሜን ሊያልቅ ሲል ቤተሰቡ ጓሮ ወጥቶ ራሱን ፎቶ ያነሳል። ትናንትም ልጆቹ ቦቢንና ውሮን አቅፈው፣ ሻለቃንም መሀል አቁመውት ነበር። ደምሰው ስልኩን ዘርግቶ ሊጫነው ሲል በጉን በስክሪኑ ላይ አየው። በጉም ቀጥ ብሎ አየው። ከልጆቹ ጋር አብሮ ፎቶ ከተነሳ በኋላ ጠዋት ቢላ ይዞ መቅረብ እንደማይሆንለት ያን ጊዜ ገባው። "ፎቶ የገባ አይታረድም" አለና በጉን ጎትቶ ወደ ችካሉ መለሰው። ኤዶም እራት አልበላም ብላ፣ እያለቀሰች ተኛች። እሱም "ልጅ ነች፣ ትረሳዋለች" ብሎ ተኛ።

አሁን እሱ ችካሉ ላይ፣ በጉ ወንበሩ ላይ ሆነ።

ጎረቤቶች ደምሰውን ለማየት መጡ። ሁለት አውራ በጎች ነበሩ፤ አንደኛው ባርኔጣውን በቀንዱ ላይ ደፍቷል። "እስቲ" ብሎ ደምሰውን በወገቡ ይዞ ከመሬት ብድግ አደረገውና መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ጀርባውን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው።

"መቼም እጅህ መልካም ነው" አለ ባለ ባርኔጣው። "የሜዳ ነው የወንበር?"

"የወንበር" አለ ሻለቃ ኮራ ብሎ። "መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጧል።"

"እንዲያ ከሆነ ሥጋው ለስላሳ ነው።"

"ጨጓራዬን ያመኛል" አለ ደምሰው፣ ምናልባት ይረዳኝ ይሆናል ብሎ።

"ጨጓራውን ለቦቢ እንሰጣለን" አለ ሻለቃ። ቦቢ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አመሰገነ።

ደምሰው እስካሁን ብዙ አልፈራም። ወገቡ ሲዳሰስ ምን እንደሚሰማ በዕድሜው አስቦት ስለማያውቅ፣ ያን እያሰበ ነበር። እሱም በየገበያው የስንቱን ወገብ እንደዳሰሰ ትዝ አለው። አንዳቸውም ምን እንደተሰማቸው ጠይቆ አያውቅም።

ፎቶው ግን እምቢ አለ። ሻለቃ ስልኩን አንስቶ በሰኮናው ቢጫነው፣ ቢጫነው፣ ስልኩ ሰኮና አያውቅም። ቦቢ በምላሱ ሞከረ፤ የአየር ሁኔታ መጣ። የቤቱ ዶሮ በመንቁሯ ብትነካው የደምሰው አለቃ ጋ ደወለ። አለቃው "አቤት?" ሲሉ ዶሮዋ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይመለሱ" ብላ ዘጋችባቸው። ደምሰው ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንዳለው ያውቃልና ዶሮዋን በአድናቆት አያት።

"አባዬ፣ መላጦ እኮ ጣት አለው" አለች ትንሿ ግልገል።

"መላጦ ማነው?"

"እሱ" አለች ወደ ደምሰው እያሳየች። "ስም አውጥተንለታል።"

ሻለቃ ተነፈሰ። "እንዳታወጡለት ብዬ ነበር" አለ። ከዚያ ወደ ደምሰው ዞረ። "ና አንተ፣ አንሳን። ነገር ግን አትግባበት።"

"ሻለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ራሳችሁን በራሳችሁ የምታነሱ ከሆነ ስልኩን የያዘው መግባቱ አይቀርም እኮ።"

"አንተ ከኛ አይደለህም።"

"እጁስ የኔ አይደለም?"

"እጅህን ብቻ አምጣ።"

ገመዱን አስረዘሙለት። ደምሰው ከፊት ቆሞ ክንዱን ዘረጋ። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ከጀርባው ተደርድረው ታዩ፤ ሻለቃ በኮቱ፣ ቦቢ በመነጽሩ፣ ግልገሎቹ፣ ዶሮዋ፣ ከጥጉ ደግሞ ሚስቱና ልጆቹ። ትርንጎ ምላሷን አውጥታለች። ሁሉም ደስ ብሏቸው ነበር። ደምሰው አንድ ነገር ብቻ አሰበ፤ እዚህች መስኮት ውስጥ ከገባሁ ነገን አያለሁ። ቀስ ብሎ አንገቱን ዘመም አደረገና ተጫነ።

ሻለቃ ስልኩን ተቀብሎ አየ። በፎቶው ግራ ጠርዝ ላይ አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮና የአፍንጫ ግማሽ ነበር።

ያን ጊዜ ማንም ሳይራመድ ፍርድ ቤት ደረሱ። ሣሩ እንዳለ ሆኖ ከችካሉ አጠገብ ከፍ ያለ ወንበር ቆሟል፤ ዳኛው አህያ ናቸው። ፎቶውን አቅርበውም አርቀውም አዩት። ብዙ ጭነት የተሸከመ ሰው አተነፋፈስ ነበራቸው።

"ግማሽ ገብቷል" አሉ ዳኛው። "ስለዚህ ግማሹ ይታረድ።"

"የትኛው ግማሽ?" አለ ደምሰው። ከልቡ ማወቅ ፈልጎ ነው።

"ፎቶው ላይ ያልታየው። የታየው ከቤተሰቡ ጋር በዓሉን ያከብራል።"

"ያልታየውን አብሮ ይበላል ማለት ነው?"

ዳኛው ትንሽ አሰቡ። "ከራበው" አሉና ለሌላ ጉዳይ ተነሡ።

ተመልሰው ጓሮው ውስጥ ነበሩ። ባለ ባርኔጣው በረንዳው ደረጃ ላይ ቢላ ይስላል፤ ፏጭ፣ ፏጭ ይላል። አሁን ደምሰው ፈራ። ጥያቄ ሁሉ ከራሱ ጠፋ። የመጨረሻ ልመናውን ይዞ ወደ ሻለቃ ተጠጋ።

"ሻለቃ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሣርና ፉርሽካ ያበላሁዎ እኔ አይደለሁም?"

"እኔስ ሦስት ሳምንት ሽሮ አላበላሁህም?" አለ ሻለቃ፣ በቁጣ አልነበረም። "ለምን ያበላሁህ ይመስልሃል?"

ደምሰው መልሱን ያውቀው ነበር። አፈረ። ትናንት በጉን ወደ ችካሉ ሲጎትተው ያላፈረውን ያህል አሁን አፈረ።

ትንሿ ግልገል መጥታ ሣሩ ላይ ተዘረረች። "መላጦ ፎቶ ካልገባ እራት አልበላም" አለች። አፏን ገጠመች፤ እንባዋ በአፍንጫዋ ላይ ወረደ። ሻለቃ አየት አደረጋትና ፊቱን አዞረ፤ እንደገና አያት። ደምሰው የበጉን ፊት ትኩር ብሎ ተመለከተው። የአባት ልብ ሲራራ ከውጭ ምን እንደሚመስል አይቶ አያውቅም። ጆሮው መጀመሪያ ዝቅ አለ፣ ከዚያ ከንፈሩ፣ ከዚያ ኮቱ ሁሉ ሰፋበት። ትናንት የኔስ ፊት እንዲህ ሆኖ ነበር? ብሎ ራሱን ጠየቀ። አልሆነም ነበር።

"ልጅ አሳድጉ ይላሉ" አለ ሻለቃ። "ፍቱት። መሀል ይግባ።"

ቢላው ቆመ። "ታዲያ ለበዓሉ ምን ልንበላ ነው?" አለ ባለ ባርኔጣው።

"ሣር። ድሮስ ምን ነበር የምንበላው?"

እንግዶቹ ተያዩ። ቢላውን ጠቅልለው ሄዱ።

ገመዱ ከደምሰው አንገት ወረደ። ግልገሎቹ በሁለት በኩል ገፍተው መሀል አቆሙት፤ ሻለቃ ኮቱን ጠረግ ጠረግ አድርጎ ከጎኑ ቆመ፣ ትከሻ ለትከሻ። በጉ ሞቃት ነበር። ደምሰው ክንዱን ዘረጋ። ማንም ከመስኮቷ አልቀረም፣ ትርንጎ፣ ፌቨን፣ ኤዶም፣ ሁሉም አሉ። ከደስታ እንባው መጣ። "አንድ" አለ፣ "ሁለት..."

ዓይኑን ሲከፍት ፀሐይ አልጋው ላይ ወጥታለች። ሦስት ሰዓት አልፏል። "አይታረድም" አለ ጮክ ብሎ፤ ማንም ግን ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። አንድ ጫማ አድርጎ፣ ሌላውን ትቶ ወጣ። በሕይወቱ እንዲህ አጥብቆ የፈለገው ነገር ትዝ አይለውም፤ ኤዶምን አቅፎ፣ በጉን መሀል አቁሞ፣ ፎቶውን እንደገና ሊያነሳ ነው።

ትርንጎ ጓሮው ውስጥ መጥበሻ ታማስላለች። ቆዳው አጥሩ ላይ ተዘርግቷል።

"እንኳን አደረሰህ" አለችው። "ብንቀሰቅስህ፣ ብንቀሰቅስህ እምቢ አልክ። ጋሽ ዘርጋው እዚህ ጎረቤት የራሱን ሲያርድ የኛንም ጨረሰልን። እግዜር ይስጠው፣ ጎበዝ ነው።"

ደምሰው ቆዳውን አየ። ከዚያ ኤዶም ትዝ አለችው፤ ትናንት ያለቀሰችው፣ ያልበላችው ልጁ። ዞሮ ፈለጋት። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ሄዶ ከአጠገቧ ተቀመጠ። ምን ብሎ እንደሚያጽናናት እያሰበ ትከሻዋን አቀፈ።

"ኤዶምዬ" ብሎ ሊቀጥል ሲል ከጭኗ ላይ ካለው ሳህን ትኩስ ጉበት ጠቅልላ አጎረሰችው። የሷም ጉንጮች ሞልተው ነበር።

"አባዬ፣ ዋጠው እንጂ" አለችው። "ሻለቃ እኮ ይጣፍጣል።"