አልቅት የናፈቃቸው ሰው

ሰው ሁሉ ደስ ባለው ቀን ፊቱን የሚያጠቁር አንድ ሰው በየመንደሩ አይጠፋም። ሰማይ ሲጠራ በረዶ ይታየዋል፤ እህል ሲያፈራ ተምች ይሸተዋል። ከሰበታ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን ይህን ሹመት ማንም ሳይሰጣቸው የያዙት ክቡር የወንዝ ሐኪም ኦቦ ደቻሳ ነበሩ።

በሽተኛቸው በማሳዎች መሀል የምታልፍ፣ ጎረምሳ በአንድ ዝላይ የሚሻገራት ጅረት ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ይገቡባታል። ድንጋይ ይገለብጣሉ፤ ከሥሩ ያለውን ሸርጣን፣ አልቅት፣ ስሙን ማንም የማያውቀውን ትል ሁሉ በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ ከዚያ ድንጋዩን እንደተኛ ሕፃን ቀስ አድርገው ወደ ቦታው ይመልሱታል።

«ውሃን አይታችሁ አትመኑ፤ ውስጡ የሚያድረውን ጠይቁ» ይላሉ።

ይህን በቦታው ቢሉት ማን ይጠላቸው ነበር! ጎረቤታቸው ደጊቱ ልጇን ስትድር ኦቦ ደቻሳ ጠላውን ወደ ብርሃን አነሡ፣ አሸተቱ፣ አማቾች በተቀመጡበትም «ይኼ ውሃ ከብት ከሚረግጠው ከታችኛው መቅጃ ነው፣ አይደል?» አሏት። ደጊቱ ባሏ የሞተባት ዓይን አፋር ሴት ናት። በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ጓዳ ገባችና «ይኼን ሰውዬ ውሃው በወሰደልኝ!» ብላ ረገመች። ምን ዋጋ አለው፤ ውሃው ከጉልበታቸው አያልፍም።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ከጅረቷ በላይ የቆዳ ፋብሪካ ተከፈተ። ሁለት ክረምት ሳያልፍ አልቅት ከውሃው ጠፋ። ከብት ያላረባ ሰው ይህን ደስታ አያውቀውም። አልቅት ከውሃ ጋር ገብቶ የላም ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል፣ ደሟን ይመጥጣል፤ መድኃኒቱ ትንባሆ በጥብጦ በአፍንጫዋ ማንቆርቆር ነው። ያ ሁሉ ጣጣ ቀረ። ጭቃ ሹሙ በመንደሩ ጉባኤ «ፋብሪካው ፈወሰልን» አሉ፤ ሙክት ተመርጦ ለሥራ አስኪያጁ ተላከ።

ኦቦ ደቻሳ ከጉባኤው መሀል ተነሡ። «አልቅት እንኳ የሸሸውን ውሃ ነው ለላም የምታጠጡት?»

«ኦቦ፣ ዘመድዎ ነበር እንዴ?» አለ ቀልደኛው ደገፋ። «አልቅት ናፈቃቸው እኮ! ድንኳን እንጣልልዎ?»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ደጊቱም ሳቀች። ከሠርጉ ጀምሮ ያቆየችው ሳቅ ነበር።

ኦቦ ደቻሳ አውራጃ ድረስ ሄደው ጮኹ። ጠርሙስ የያዘ ሹም መጣ፣ ውሃውን ቀድቶ ወደ ፀሐይ አነሣና «ጥርት ያለ ነው» አለ።

«ጌታዬ፣ አንድ ድንጋይ ብቻ ይገልብጡልኝ።»

ሹሙ ጭቃውን አየ፣ ጫማውን አየ። «ለድንጋይ አልተላክሁም።»

በማግስቱ ደጊቱ ደጅ ቆሙ። ቀይ ላሟ ከብዳለች፤ ያለቻትም እሷ ብቻ ናት።

«አዴ ደጊቱ፣ ላሚቱን ከጋራው ምንጭ አጠጪያት። ሩቅ እንደሆነ አውቃለሁ።»

«እሺ ኦቦ» አለች፤ ለማንም እምቢ ብላ አታውቅም። ላሟን እየነዳች ዳገቱን ስትጀምር ግን ደገፋ ከማሳው ቀና ብሎ «አንቺንም አልቅት ናፈቀሽ?» ሲል ጮኸ። አራሙቻ የሚነቅለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ፊቷ ጋለ። ላሟን መልሳ ወደ ጅረቷ ነዳች።

በጥር ላሟ ጨነገፈች። በሳምንቱ ላሟ ራሷ ወድቃ ሞተች።

ደጊቱ «አላልኩሽም?» የሚለውን ቃል ስትጠብቅ ዋለች። ኦቦ ደቻሳ ዶማ ይዘው መጡ፣ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ሥጋውን ማንም እንዳይነካው ከነቆዳው ቀበሩ፤ እጃቸውን በጭድ ጠርገው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ሄዱ። ሠርግ ላይ ዝም ማለት ያቃተው አፍ! መንደሩ ግን ዝም አላለም። «ላሚቱን የበላት የእሳቸው ምላስ ነው» አለ። ደጊቱ ይህንን ሰምታ የማን ፍርሃት ላሟን እንደበላት ሳትናገር ቀረች።

በቀጣዩ ክረምት ኦቦ ደቻሳ ጉልበታቸው ከዳቸውና መደብ ላይ ዋሉ። ቅዳሜ ጠዋት ቀሚሷን ሰብስባ ጅረቷ ውስጥ የምትገባው ደጊቱ ሆነች። ደገፋ ይጮኻል፤ አትመለስም። ድንጋይ ትገለብጣለች፤ ሥሩ ባዶ ነው።

ከዚያ ኦቦ ደቻሳ ቤት «አካም ጅርታ፣ ኦቦ» ብላ ትገባለች።

«ዛሬስ?» ይሏታል፤ ሌላ ሰላምታ የላቸውም።

«ምንም የለም።»

ሰባት ቅዳሜ እንዲህ አለቻቸው። በየሳምንቱ ፊታቸው ሲጨማደድ አየች። በስምንተኛው፣ በዕድሜዋ ዋሽታ የማታውቀው ሴት «አልቅት ተመልሷል» አለች። «ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ።»

ሽማግሌው በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ። «ወዲህ በይ፤ አሳዪኝ።»

በእሾህ የተጫረ እግሯን ወደ በሩ ብርሃን ዘረጋች። ረጅም ጊዜ አዩት። አልቅት ሲነክስ ሦስት ጫፍ ያለው ምልክት እንደሚተው በአገሩ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«አልቅት ነው» አሉ በመጨረሻ። መልሰው ተጋደሙና ነጠላዋን እግሯ ላይ ሳብ አደረጉላት። «በዚያ ውሃ ግን እንዳታጥቢው፣ ልጄ።»