የፊት በር ተጋሪ

ሰው ከሰው ጋር መኖሩን ማስመስከር ቀላል ነው፤ ጎረቤት ሞልቷል። ብቻውን መኖሩን ግን በምን ያስመሰክራል? ምስክር ካቆመ እኮ ብቻውን አይደለም። ይህን ጥያቄ የፈታ ሊቅ እስካሁን አልሰማሁም። እኔ ግን ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ ሰፈር፣ ጉም ቀኑን ባጨለመበት አንድ ከሰዓት በኋላ ተፈተንኩበት።

ወደቡ የሰው ክንድ የሰለቸበት ዘመን ነበር። የመርከብ ሆድ የምንጠርግበት ድርጅት ተዘጋና፣ አውትኬሪንግ በሚሉት የሥራ አጥ ድጎማ መኖር ጀመርኩ። ለመድኩት ስል ደግሞ ሄግ የተቀመጡት ሕግ አውጪዎች አዲስ ረቂቅ ይዘው ብቅ አሉ። ያስረዱኝ ጋሽ ሐጎስ ናቸው። ጋሽ ሐጎስ በመርከበኝነት ዓለምን ሰባት ጊዜ የዞሩ የአሥመራ ሰው ናቸው (እሳቸው ሁለት ጊዜ ነው ይላሉ፤ ትሕትና ነው)። ጋዜጣቸውን አጥፈው፣ «ከእንግዲህ ብዙ ዓመት የሠራ ረጅም ጊዜ ይከፈለዋል፤ ጥቂት የሠራ ቶሎ ይቋረጥበታል። አንድ የፊት በር የሚጋሩ፣ ማለት በአንድ ቤት አብረው የሚኖሩ ሰዎችም ይቀነስባቸዋል። ስለዚህ የጥርስ ብሩሽህን ጠብቅ፤ ሁለት ካገኙብህ ሚስት አለህ ማለት ነው» አሉኝ። «አንድም የለኝ፤ በመፋቂያ ነው» ብላቸው፣ «እሱማ ጥርስ የሌለው ተብለህ ሌላ ረቂቅ ይወጣብሃል» አሉ።

እሳቸው ይሳቁ እንጂ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ድጎማው ከተቀነሰ ክፍሉን መልቀቄ ነው፤ ክፍሉን ከለቀቅሁ ማደሪያዬ የማስ ወንዝ ድልድይ ሥር ነው።

ችግሩ ወንበሩ ነበር። ክፍሉን ስከራይ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ከታች የምትኖረው አሮጊት እንዳወራችኝ የቀድሞው ተከራይ የወደብ ክሬን ነጂ ነበር፤ ከሥራ ከወጣ በኋላ እዚያው ወንበር ላይ ወደ ወደቡ እያየ ሞተ። እንግዲህ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ያደገ ሰው እንዲህ ባለ ወንበር ፊት እንዴት ብቻውን ይጎርሳል? ማዕድ ባቀረብኩ ቁጥር ሳህንና ኩባያ ከወንበሩ ፊት አስቀምጬ «እንብላ» ማለት ጀመርኩ። በአማርኛ ነው የምለው፤ ሙት ቋንቋ አይመርጥም። «ብላ» የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ ነገር ማጋነን አልወድም። ሻዩ ግን ጎደል ይላል። ትንባሆ አልነካም፤ ክፍሉ ትንባሆ ትንባሆ ይሸታል። ጉም በወረደ ቀን ደግሞ ወንበሩን በእጄ ስነካው፣ አሁን ሰው እንደተነሳበት ይሞቃል።

ረቂቁ ገና ሳይጸድቅ ተቆጣጣሪ መጣብኝ። ሲበዛ ረጅም ነው፤ ራሱ ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ እግሩ ገና ከትራም እየወረደ ነበር። ገበታ ላይ ነበርኩና በሆላንድኛ እንብላ አልኩት፤ አመሰግናለሁ ብሎ ቆመ። ልማድ ክፉ ነው፤ ዞር ብዬ ወንበሩንም ጋበዝኩት።

ተቆጣጣሪው ሁለቱን ሳህን፣ ሁለቱን ኩባያ አየ። ሁለተኛው የማን ነው አለ፤ የሌለ ሰው ነው አልኩት። መቼ ይመጣል ቢለኝ፣ ሄዶ መች ያውቃል አልኩት። ቀኑ ጾም ነበር፤ ልዋሽ? ይኼኔ አሮጊቷ ከደረጃው ሥር ሆና፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ሁለት ናቸው። አንዱ ኮቴው ቀላል ነው፤ አንዱ እግሩን ይጎትታል» አለች። እኔ በዕድሜዬ እግሬን ጎትቼ አላውቅም።

ሰውየው መጻፍ ሲጀምር ተስፋ መቁረጤም ንዴቴም አንድ ላይ ገነፈሉ። «ይቁጠሩት፤ ግን በደንብ ይቁጠሩት» አልኩት። «ብዙ የሠራ ረጅም ጊዜ ይከፈለዋል አላችሁ አይደል? ይህ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ክሬን ላይ ነው የኖረው። ለእሱ ይክፈሉት፤ እኔ የእሱ ጥገኛ ሆኜ እኖራለሁ።»

«ክሬን ነጂ?» አለ። እስክሪብቶው ቆመ። ወደ ወንበሩ ሄዶ መዳፉን መደገፊያው ላይ አሳረፈና፣ የጋለ ምጣድ እንደነካ ሰው መለሰው። ለእኔ ይሁን ለወንበሩ ባልለየሁት ድምፅ፣ «መጥቼ ነበር» አለ። «እዚህ ተቀምጦ ብቻዬን ነኝ አለኝ። ሁለት ኩባያ አይቼ አላመንኩትም። ሁለተኛው ለካ የሟች ሚስቱ ነበር፤ ለእሷም ይቀዳላት ነበር። ድጎማውን ቆረጥኩበት።»

የጻፈውን ሰርዞ «ብቻውን ይኖራል» ብሎ ጻፈና ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ አዳመጥኩ፤ ኮቴው ፈጠን ፈጠን ይላል። ከኋላው ሌላ ኮቴ ተከተለ። እግሩን ይጎትታል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሻዩ ጎድሎ አያውቅም። ትንባሆውም ጠፋ፤ ወንበሩ እንደ ማንኛውም እንጨት ቀዘቀዘ። እውነቱን ለመናገር፣ ብቻዬን መኖር የጀመርኩት ብቻውን ይኖራል ተብሎ ከተጻፈልኝ ቀን ጀምሮ ነው። የሆነውን ሁሉ የነገርኳቸው ጋሽ ሐጎስ ፊቴ ጠቁሮ ቢያዩኝ፣ «ድጎማህ ተረፈ፣ ቤትህ ተረፈ፤ ምን ሆንክ ደግሞ?» አሉኝ። «ይልቅ ለተቆጣጣሪው እዘንለት። አሁን የፊት በር ተጋሪ እሱ ነው፤ የእሱን ኩባያ ማን ሄዶ ይቆጥርለታል?»