ልቦለዴን የተከራከሩኝ እትዬ ዙሌይካ

ተከራካሪ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዋጋ ለማስቀነስ ይከራከራል፤ እሱን የትም ገበያ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው ግን የተባለውን ሁሉ እንደተባለ ከተቀበለ የተሰደበ ይመስለዋል። ክብርት እትዬ ዙሌይካ፣ የሐይቅ እህል በረንዳ የበላይ ጠባቂ፣ ከሁለተኛዎቹ ነበሩ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ሐይቅ ከተማ አስተማሪ ሆኜ እሳቸው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። እሳቸው በጤፍ ይከራከራሉ፣ በጨው ይከራከራሉ። ቀበሌው "ስብሰባ በሦስት ሰዓት" ብሎ ሲያስለፍፍ "አራት አድርጉትና እመጣለሁ" ያሉ ሰው ናቸው። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀታቸውንም ያገኙት ግማሹን ፈተና ተከራክረው ነው ይባላል፤ አልመሰክርም፣ ግን አይደንቀኝም። ማንኛውም ነገር ሲቀርብላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ "አይሆንም፤ ቁርጡን ንገረኝ።"

ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልቦለዴን እጽፍ ነበር። አብዮቱ ሲፈነዳ ሐይቁ ዳር ስለሚያድግ ልጅ ነው። እስላሙ አባቱ ወደ መስጊድ፣ ክርስቲያኗ እናቱ ደግሞ በየመስከረሙ ወደ ግሸን ይጎትቱታል፤ ካድሬው መጥቶ ሁለቱንም ተው ይለዋል። የራሴ ታሪክ አይደለም ብዬ እምላለሁ፤ ስሜ ግን ውበቱ አህመድ ነው።

የጻፍኩትን ጮክ ብዬ ካላነበብኩት ጣዕሙ አይገባኝም። እትዬ ዙሌይካ ደጃፌ ላይ ምስር እየለቀሙ ይሰማሉ። የወላጆቹ ሠርግ ላይ ስደርስ እጃቸው ቆመ።

"በሬውን ማነው ያረደው?"

"የሙሽራይቱ አጎት፣ አቶ ማዕረግ።"

"ክርስቲያን ነዋ። የሙሽራው ዘመዶችስ? ያን ሁሉ እስላም ጦሙን ልታሳድር ነው?"

"እትዬ፣ ልቦለድ እኮ ነው።"

"ልቦለድ ቢሆንስ፣ አይርባቸውም?"

ወሎ ተወልዶ ለሁለቱም ወገን ሳያርድ ሠርግ የሚደግስ ደራሲ ጉድ ነው። አፍሬ አንድ ወይፈን ጨመርኩና በእስላም እጅ አሳረድኩት። እሳቸው ግን በዚያ አልተመለሱም፤ ድስቱ እንዳይቀላቀል ብለው ወጥ ቤቱንም ለሁለት አስከፈሉኝ።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፉ የኔ ብቻ መሆኑ ቀረ። የቁርአን መምህሩ ልጁን ሲገርፈው "አይሆንም፣ ግማሹን ቀንስለት" አሉ፤ ቀነስኩ። መሪጌታውም ሲገርፈው "እንግዲህ እኩል አድርግ፣ አድልዎ ያጣላል" ብለው እሱንም አስቀነሱ። ካድሬው ሰጋጆቹን ከመስጊድ አስወጥቶ ወደ ስብሰባ ሲነዳቸው ግን ምስሩን ትተው ቀና አሉ።

"ይሄ ካድሬ እናት የለውም?"

"አልጻፍኩለትም።"

"ጻፍለታ። አለዚያ ማን ያሳፍረዋል?"

ተናደድኩ፤ የተናደድኩት ልክ ስለነበሩ ነው። ለካድሬው እናት ጻፍኩለት።

በመጨረሻ የፈራሁት ምዕራፍ ደረሰ። እትዬ ዙሌይካ ሙዘይን የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራቸው። በቀይ ሽብር ጊዜ ደሴ ላይ ተይዞ ተገደለ። ሬሳው አልተሰጣቸውም፤ ማልቀስም ክልክል ነበር። አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ደፍሮ "አላህ ያጥናሽ" ያላቸው ሰው ግን የለም። በመጽሐፌ ውስጥ የልጁ አጎት፣ የአባቱ ወንድም፣ እንዲሁ ይያዛል። ስሙን ብለውጠውም እሱው ሙዘይን ነው። ምዕራፉ "ወሰዱት፤ አልተመለሰም" ብሎ ያልቃል። ከዚያ አንዲት ቃል ባልፍ ሳንሱር እንደማያሳልፈኝ፣ የዓመታት ልፋቴም ገደል እንደሚገባ አውቃለሁ።

አድንልኝ ይሉኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። "አይሆንም፣ አስረውና ፍታው" ይሉኛል፤ እምቢ ስል "እንግዲያ ወደ ሱዳን አሻግረው" ይላሉ፤ እሳቸውን አውቃቸው የለ? አንብቤ ስጨርስ ሰፌዱን መሬት አስቀመጡት።

"ቅበረው" አሉኝ።

"እትዬ፣ ሬሳው የለም እኮ።"

"በሬውም አልነበረም፤ አረድክ።"

"ይህን ከጻፍኩ አይታተምም። ሳንሱር ይጥለዋል።"

ክርክሩን ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "በዚህስ አልከራከርህም፣ ልጄ። የሚያስከፍልህን የምታውቀው አንተ ነህ።"

ከራሴ ጋር ስጣላ ሰነበትኩ። የመጀመሪያ መጽሐፍ እኮ ነው፤ ሰው ስሙን ታትሞ ማየት ያምረዋል። በኋላ ግን ጻፍኩት፤ ሳንሱሩም እንደፈራሁት ጣለው። አልቆጨኝም ብል ውሸት ነው። ግን እኚህን ሴት እወዳቸው ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ቀብሩን ጽፌ እንደጨረስኩ፣ ጁምዓ ከሰዓት አነበብኩላቸው። ጎረቤታችን ወይዘሮ ለተብርሃንም መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ። አጎትየውን አጠቡት፣ ከፈኑት፣ ሰገዱበት። ክርስቲያኖቹ አማቾቹም ቃሬዛውን እየተቀባበሉ እስከ መቃብሩ ሸኙት። አፈሩ እስኪመለስ ድረስ እትዬ ዙሌይካ አንዲት ቃል አላስቀነሱም፣ አላስጨመሩም። ወይዘሮ ለተብርሃን ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። እኔም ወረቀቴን አጥፌ ተነሳሁና ለቅሶ እንደመጣ ሰው ፊታቸው ቆምኩ።

"አላህ ያጥናዎት፣ እትዬ።"

"አሚን" አሉ። ከዚያ ጮኸው አለቀሱ።

ጩኸቱን የሰማ ጎረቤት ሁሉ እየሮጠ መጣ። "ማን ሞተ?" አሉ በሩ ላይ።

"ሙዘይን" አሉ ወይዘሮ ለተብርሃን።

መቼ ብሎ የጠየቀ የለም። ሁሉም ጫማውን እያወለቀ ገብቶ ተቀመጠ።