ኦሪጅናል ስንት ዓይነት ነው?

«ኦሪጅናል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መዝገበ ቃላት ውስጥ ብትፈልጉት ሥሩ ላቲን ነው ይላችኋል፤ «ወጣ፣ ተነሣ» ከማለት፣ ፀሐይ እንደምትወጣው። ከዚያው ሥር መነሻ፣ መጀመሪያ፣ ቅጂ ያልሆነ የሚሉት ትርጉሞች ተወለዱ። ስምም ይሆናል፣ ቅጽልም ይሆናል። ደረጃ ግን የለውም፤ አንድ ዕቃ ወይ ኦሪጅናል ነው ወይ አይደለም።

መዝገበ ቃላቱን የጻፉት ሰዎች መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ገብተው አያውቁም።

እዚያ ኦሪጅናል አለ፣ ዋናው ኦሪጅናል አለ፣ ወላሂ ኦሪጅናል አለ። የትኛው እንደሚደርሳችሁ የሚወስነው ባለሱቁ አስቀድሞ የሚጠይቃችሁ ነገር ነው፤ ለራስ ነው ለስጦታ? ለራስ ካላችሁ የሚሠራውን ያወጣል። ለስጦታ ካላችሁ ካርቶኑ የሚያምረውን። ተቀባዩ ቢበላሽበትም አፍሮ ለሰጪው አይናገርም፤ ሁሉም በሰላም ይኖራል።

ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ ለእናቴ የደም ግፊት መለኪያ ስገዛ የዓመታት ደንበኛዬን ሸምሱን «ለስጦታ» ያልኩት።

ተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ እናቴ ቤት ሄጄ ክንዷ ላይ አሰርኩት። ሁለት መቶ አሥር አለ። ደገምኩ፤ ሁለት መቶ ሠላሳ። እናቴ ተረጋግታ ጋደም አለችና ቁም ሳጥኑ ለማን እንደሚሆን መናዘዝ ጀመረች። (ለእኔ አይደለም።) በታክሲ ጤና ጣቢያ አደረስኳት። ነርሷ በሁለቱም ክንዶቿ ለካቻት፣ ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ማሽን አየት አደረገችና፣ «እናትዎ ደህና ናቸው፤ የታመመው ይሄኛው ነው» አለችኝ።

መታለል እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።

በማግስቱ ግን ለመጮህ ሄድኩ። ሸምሱ እስክጨርስ ሰማኝ።

«ለስጦታ ነው አላልክም?»

«ለእናቴ ነው እኮ።»

«ታዲያ ለእናቴ ነው አትልም?»

ጭራሽ ተቆጣኝ፤ እንደ ታላቅ ወንድም። ከባንኮኒው ሥር ካርቶኑ የተጨማደደ ማሽን አወጣና መጀመሪያ የራሱን ክንድ፣ ቀጥሎ የእኔን ለካ። የእሱ ደህና ነው። የእኔ ከፍ ብሏል። ንዴት ነው፣ ይወርዳል አለኝ።

«አሁን እናትህ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናት።»

«አልሐምዱሊላህ። ታዲያ የተጣላነው በምንድን ነው?»

ክንዴን መልሼ ዘረጋሁለት።

ወርዷል።